የባሌ ሽንትና የሰው እርቅ

ባሌን ሽንት ያስቸግረው ነበር። ይህን በሕይወት ሳለ ጽፌው ቢሆን ቤቱን ጥሎልኝ ይወጣ ነበር። ዛሬ እሱም የለም፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ካረጀሁ ወዲህ ደግሞ አፌን የሚይዝልኝ ሰው አላገኘሁም። የሰፈራችን ወንዶች ስለ ወገባቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጨጓራቸው ሲያወሩ ጆሮ ያደነቁራሉ። ስለ ሽንታቸው ግን አንድም ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ያማቸዋል፣ ያውቁታል፣ ዝም ይላሉ። ባሌም ከዝምተኞቹ አንዱ ነበር፤ ያ ዝምታ ሊገድለው ምንም አልቀረውም።

በፊቱ «አንቱ» እለው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ሰውም ያከብረዋል። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ። በ«አንቱ» ልጽፈው ሞክሬ የሩቅ ሰው መሰለኝ፣ ተውኩት።

መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ ልብስ ይሰፋ ነበር። እኔ ከጎኑ ጨውና በርበሬ እቸረችራለሁ። የምንበላው ከመርፌውና ከሚዛኔ ነው፤ ስሙ የወጣው ግን በስፌት አይደለም። ባሌ አስታራቂ ነበር። ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ እስላምና ክርስቲያን፣ ደም የተቃባ ሰው ሳይቀር ያስታርቃል። አብረውት የሚቀመጡት አንድ ቄስ ነበሩ። እሳቸው በጸሎት ይከፍታሉ፣ ባሌ በዱኣ ይዘጋል። መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ልጅ ይቀላለዳሉ፤ ሽምግልና ተቀመጡ ሲባል ግን የሁለቱም ፊት ይለወጣል።

በእኛ አካባቢ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚያስታርቀው። ዋናው ሽማግሌ ከመሐል ብድግ ካለ እርቁ ተረገጠ ይባላል። ባለጉዳዮቹን «አልቻልኳችሁም፣ እንደ ፍጥርጥራችሁ ሁኑ» ብሎ የተነሳ ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ማንም መልሶ ሊያስቀምጣቸው አይችልም። ስለዚህ በዳይ «ይቅር በለኝ»፣ ተበዳይም «ይቅር ብያለሁ» እስኪል ድረስ ባሌ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ፀሐይዋ ከፊቱ ወጥታ ከጀርባው ትገባለች፣ እሱ እዚያው ነው። «እሳቸው ከተቀመጡ አይነሱም» ይሉት ነበር። ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ደስ ይለው ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ልጅ አልወለድንም፤ ሰው የሚያነሳለት ነገር ቢኖር ይህ መቀመጡ ነበር።

ሕመሙ የጀመረው በዚያ በረሃቡ ዘመን፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ነው። አንድ ጠዋት ከጓሮ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «ምን ሆኑ?» ስለው «ምንም» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለው ጀመር። ጋቢ ብደርብበት፣ ቡልኮ ብደርብበት ይንቀጠቀጣል። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣሁት፣ ገላውንም አሸሁት። ላቡ ወጣ፣ ትኩሳቱ ግን ንክችም አላለ። በመጨረሻ ወደ ግድግዳው ዞረና «ስሸና እሳት ነው» አለኝ። ይህችን ለመናገር የፈጀበት ጊዜ ደሴ ደርሶ ያስመልሳል።

ጎረቤት ደግሞ አይጠፋም። አንዷ ልትጠይቀው መጥታ ነገሩን ከፊቱ ገመተችና «አይዞሽ፣ ጨረቃ እያዩ ሸንተው ይሆናል» አለችኝ። እኛ ዘንድ ጨብጥ ለያዘው ሰው በጨዋ ደንብ የሚባለው ይህ ነው። ወንድ ሲሸና ካቃጠለው ሌላ ስም አይሰጠውም። እኔም «ጨረቃዋ የየትኛው ጠጅ ቤት እንደሆነች ከሰማሽ ንገሪኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ።

ክሊኒክ ወሰድኩት። ክሊኒኩን የያዘው ድሬሰር ከሸዋ የመጣ ወጣት ነበር። ባሌን ላይና ታች አየውና፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ «አባቴ፣ ሌላ ሴት ጋ ሄደው ያውቃሉ?» አለው። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። ጆሮው ሲቀላ ታየኝ።

«እኔ ልመልስልህ» አልኩት። «ቀን ከኔ ጋር በረንዳ ላይ ናቸው። ማታ ከኔ ጋር ቤት ናቸው። በመሐል ያለው ሽምግልና ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚውሉት ከቄስ ጋር ነው።»

ድሬሰሩ ሳቁን ዋጠና በደንብ ይመረምረው ጀመር። ሆዱን ከእምብርቱ በታች ተጫነው፣ ሽንቱን በብልቃጥ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ሲጨርስ ጨብጥ እንዳልሆነ ነገረን። ወንድ ዕድሜው ሲገፋ ፊኛው ሥር ያለች እጢ ታብጥና መውጫውን ታጠብበዋለች፤ ሽንቱ ሙልጭ ብሎ አይወጣም፣ የቀረውም እዚያው ይበላሻል፣ ቁስለት ይሆናል አለ። ክኒን ሰጠው። «ተሽሎኛል ብለው እንዳያቆሙት፣ እስኪያልቅ ይዋጡት። ውሃ በብዛት ይጠጡ። ሽንትዎ ሲመጣ ደግሞ አንድም ጊዜ እንዳይዙት» አለው። ባሌ «መርሀባ፣ እሺ» አለ። መርሀባ ሲል ከልቡ ይመስላል፤ እኔም አመንኩት።

እንግዲህ ቀጥሎ ያደረገውን ለመረዳት ያንን ረሃብ ማየት ያስፈልጋል። ሰው ከቆላው፣ ከምሥራቅ በኩል፣ ከአቀስታም ወዲያ ይመጣል። ገበያው ዳር ይቀመጣል። አብዛኛው አይለምንም፤ ዝም ብሎ ያያል። እኛ የከተማዎቹ አልተራብንም ማለት አይቻልም፣ ግን ግማሽ ነበረን። በየቤቱ ሁሉም ነገር ግማሽ ሆነ። ቂጣው ግማሹ ይበላና ግማሹ ለነገ ይሸፈናል። ሳሙና በክር ለሁለት ይቆረጣል። ኩራዙ እራት እስኪቀርብ በርቶ ይጠፋል። ለነገ ሳያስቀር ሁሉንም የጨረሰ ሰው እንደ እብድ ይታይ ነበር።

ባሌም ክኒኑን እንደዚያው አደረገው። ማቃጠሉ ሲተወው የቀረውን በቁራጭ ጨርቅ ቋጥሮ በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክርና ከአዝራር ጋር አኖረው። ለክፉ ቀን። ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ ከቋጠሮው ጥቂት ይውጣል፣ ጋብ ሲልለት እንደገና ይቋጥራል። እንዲያውም አንድ ቀን ጥርሱን ያመመው ገበሬ መጥቶ «እንዴት ሰነበቱ» ቢለው ከዚያችው ቋጠሮ አንስቶ ሰጠው። ሰውዬው መርቆት ሄደ። ጥርሱ ይሻለው አይሻለው አላውቅም።

ሕመሙ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንዳንዴ ማቃጠል ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ትኩሳቱንና ማንዘፍዘፉን ይዞ ይመጣል። ተልባ ፈጭቼ እበጠብጥለታለሁ፣ የገብስ ውሃ አፍልቼ አቀዘቅዝለታለሁ። አንዳንድ ቀን በደስታ ይጠጣል። አንዳንድ ቀን ግን ጣሳውን በእጁ ገፋ አድርጎ «ይቆይ» ይለኛል። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። «ይቆይ» የሚለው ሽምግልና ባለበት ቀን ነበር። እንዳይነሳ ብሎ አይጠጣም። ጠዋት ጉሮሮውን ሳያርስ ወጥቶ፣ ሲመሽ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሽንቱን ይዞ ውሎ ይገባል። በበነጋታው ብርድ ብርድ ይለዋል።

ተጣላን። «ሰው ሊያስታርቁ ሄደው ከገዛ ገላዎ ጋር ይጣላሉ?» አልኩት።

«ረሃቡ የስንቱን ቤት አፈረሰ» አለኝ ጨርቁን እያጠፈ። «ሰው ውሃ አጥቶ ይሞታል፤ እኔ አንድ ቀን ባልጠጣ ምን እሆናለሁ?»

ተቆጣሁና ጣሳውን አንስቼ ጓሮ ደፋሁት። በዚያ ዘመን ተልባ መድፋት ነውር ነው።

እውነቱን ነበር ግን። ጸቡ በዝቷል። እህል ደብቀሻል ብሎ ሚስቱን የሚያባርር፣ በሬውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ሲመለስ ቆዳውን የሚያገኝ፣ ልጁን ለሀብታም ቤት ሰጥቶ ሚስቱ የማታናግረው፤ ሁሉም ወደኛ በረንዳ ይመጣል። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ መሬት ለአራሹ ታወጀ፣ ዘማች ተማሪዎች ከተማውን ሞሉት። ሽምግልና የአድኃሪ ነገር ነው፣ ከእንግዲህ በገበሬ ማኅበር ሸንጎ ነው ተባለ። ሰዉም በሰልፍ ላይ እጁን አውጥቶ ይስማማና፣ ሰልፉ ሲበተን ባሌን ፍለጋ ይመጣ ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው ባሌ ከተቀመጠበት የተነሳው።

አንድ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ተቀምጠዋል፣ ቄሱና እሱ። ሴትዮዋ ልትመለስ ትንሽ ቀርቷታል። ባሌ ከጠዋት ጀምሮ ሽንቱን ይዞ ነበር፤ ሕመሙም የዚያን ሳምንት ተመልሶበታል። መቻል አቃተው። ምንም ሳይናገር ብድግ ብሎ ከአጥሩ ኋላ ዞረ። ሲመለስ ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳለች። ባልዬው «አባቴ፣ እርስዎም እንዲህ ካሉማ» ብሎ በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ቄሱ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኛቸው።

ቤት ሲገባ ጋቢውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እራት አቀረብኩለት፣ አልነካውም። «ከእንግዲህ አልቀመጥም» አለኝ። «ሽንቱን የማይችል ሰው የሰው ነገር አይችልም።» ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ አይወርድም። ባሌን እንደዚያ ቀን አዝኜለት አላውቅም። ሕመሙንም፣ ሴትዮዋንም፣ ያንን ወግ ያወጣውን ሰው ሁሉ ረገምኩ፣ በሆዴ።

ጠዋት ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ቋጠሮዋንም ከመሳቢያው አውጥቼ ድሬሰሩ ጠረጴዛ ላይ ፈታሁለት። ክኒኑ ከአዝራር ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። ወጣቱ አንዱን ክኒን አንስቶ እያገላበጠ «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ነው» አልኩት።

አልተቆጣም። እሱም ሲመጣ ያላመጣውን ልማድ እኛ ዘንድ ተምሮ ነበር መሰለኝ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ግማሽ ዳቦ በወረቀት ተጠቅልላ ትታየኛለች። «አባቴ፣ ይህ እንደ እህል አይደለም» አለው ቀስ ብሎ። «ግማሹን ሲያስቀሩ ሕመሙንም ግማሹን እያስቀሩት ነው።» አዲስ ክኒን ሰጠንና በኔ እጅ አስያዘው። ከዚያ ቀደም ያለውን ምክር ደገመው፦ ውሃ ይጠጡ፣ ቶሎ ቶሎ ይነሱ፣ አይያዙ። እጢዋ ስለማትሄድ ይህ እስከ ዕድሜ ልክዎ ነው አለው።

ባሌ በዚህ ጊዜ መርሀባ አላለም። መንገድ ላይ «ሰማሽው? ቶሎ ቶሎ ተነስ ነው የሚለኝ» አለኝ። ነገሩ ያ ነበር። ለመዳን መነሳት አለበት፤ ለማስታረቅ ደግሞ መነሳት የለበትም።

ክኒኑን ጠዋትና ማታ ፊቴ አስውጠዋለሁ፣ እንደ ልጅ ምላሱን አሳዩኝ እለዋለሁ። «ነጋዴ አግብቼ ምን አተረፍኩ» ይላል፣ ያሳየኛል። ውሃውንም ይጠጣል፤ ሽምግልና የለምና። ገላው ተመለሰ፣ ፊቱ ቀላ። ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲሰፋ፣ ሰው ሊያናግረው ሲቀርብ፣ ከጨርቁ ቀና አይልም። «ቄሱ አሉላችሁ፣ እሳቸውን ያዙ» ይላቸዋል። ጤነኛ ባል አግኝቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ አላማረኝም። ያ የማውቀው ሰውዬ ከስፌት መኪናው ኋላ እየጠፋብኝ ነበር።

አንድ ቀን ቄሱ ራሳቸው መጡ። ከከተማው ወረድ ብሎ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ነው። ታናሽየው በረሃቡ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ተሰዶ ነበር። ሲመለስ በሬው ተሽጧል፣ መሬቱም በማኅበሩ ክፍፍል በታላቅየው ስም ሆኗል። ታላቅየው የማኅበሩ ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል። ታናሽየው «ወይ መሬቴን ወይ ነፍሱን» ብሎ ምሏል። ሸንጎው አከራክሮ አከራክሮ ትቶታል።

«አንዱ አንዱን ሊገድል ነው» አሉ ቄሱ። «ብቻዬን አልችላቸውም፤ ይምጡልኝ።»

«አባ፣ አይተውኝ የለም ወይ? እኔ እነሳለሁ» አለ ባሌ።

«እንግዲያው ይነሱላ። ሲነሱ ደግሞ እግዜር ያውቃል።»

እኔ ገባሁበት፤ መግባት ልማዴ ነው። «ይሄዳሉ» አልኩ። «ውሃም ጠጥተው ይሄዳሉ፣ ኩስኩስቱንም ይዘን እንሄዳለን።» ኩስኩስት የውዱእና የመታጠቢያ ውሃ የምንይዝበት ነው። ቄሱ ሳቁ። ባሌ አልሳቀም፣ ግን ጋቢውን አነሳ።

እርቁ የተቀመጠው አውድማ ላይ ነበር። ራቁቱን የሆነ ሜዳ፤ ዛፉ በረሃቡ ዘመን ለማገዶ ተቆርጦ ተሸጧል፣ ዙሪያውን ቁጥቋጦ እንኳ የለም። ሽማግሌዎቹ በመሐል፣ ወንድማማቾቹ ግራና ቀኝ፣ እኛ ሴቶች ራቅ ብለን ዳር። ከአጠገቤ የታናሽየው ሚስት ተቀምጣለች፣ ወንድ ልጇን ጉያዋ አስገብታ።

ከጠዋት ጀምሮ የሚሰማው በሬና መሬት ብቻ ነው። በሬው በስንት ተሸጠ፣ ማን ፈቀደ፣ ድንበሩ ከየት እስከ የት ነው፣ ሲከፋፈል ማን ነበር። ታላቅየው «አንተ ትተህ ሄድክ፣ እኔ ቆሜ ጠበቅሁ» ይላል። ታናሽየው «ጠበቅህ ወይስ በላህ?» ይላል። ሲናገሩ አንዱ ሌላውን አያይም፤ ለሽማግሌዎቹ ነው የሚናገሩት። ጠመንጃው ታላቅየው ጭን ላይ ነው። ቄሱ ያለሰልሳሉ፣ ባሌ ይጠይቃል፣ እነሱ ይመለሱና በሬውን ይይዛሉ።

እኔ የማየው ባሌን ነው። ጠዋት ሁለት ጣሳ ውሃ አጠጥቼዋለሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ጉልበቱን በመዳፉ ማሸት ጀመረ። አውቃታለሁ ያቺን ማሸት። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ቀና ብሎ ሜዳውን ቃኘ፤ የሚሸሸግበት ነገር የለም። ቢነሳ እርቁ ተረገጠ፣ ሁለቱ ሰዎች በዚያው ይጨራረሳሉ። ባይነሳ ያ ማንዘፍዘፍ ይመለሳል፣ እኔም እንደገና መደብ ዳር እየቆምኩ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ። አላህ ይይልህ፣ ተነስ፣ አልኩ በልቤ፤ «አንቱ»ውንም ረሳሁት።

አልተነሳም። እጁን አነሳና ሰዉን ዝም አሰኘ።

«ልጆቼ» አለ። «ብነሳ እርቁን ረገጡ ትላላችሁ። እኔ ግን እርቁን አልረገጥኩም። ሕመምተኛ ነኝ፤ ሽንቴ ሲመጣ መያዝ አልችልም። አሁን መጥቷል። ሸንቼ ተመልሼ እዚሁ እቀመጣለሁ። እዚህ ሜዳ ላይ ሴቶች አሉ፣ መሸሸጊያ የለም። ስለዚህ እናንተ ሁለታችሁ ጋቢዬን ያዙልኝ።»

ሽማግሌ እንዲህ ሲል የሰማ ሰው አልነበረም። ቄሱ ቀድመው «አብሽሩ፣ አይዞዎት፣ ደግ ብለዋል» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት። ወንድማማቾቹ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሱም። የሽማግሌ ልመና እንቢ ማለት ግን ከብዷቸው መሰለኝ ተነሱ። ጋቢ በአንድ እጅ ተወጥሮ አይያዝም። ታላቅየው ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ጠመንጃውን ቄሱ እግር ሥር አስቀመጠ። ባሌ ኩስኩስቱን ይዞ እያነከሰ ከአውድማው ወጣ ብሎ ቁጢጥ አለ፤ እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ፊታቸውን ወደኛ አድርገው፣ የአንድ ጋቢ ሁለት ጫፍ ይዘው ቆሙ።

ቆዩ። ባሌ ሲሸና እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ እጢዋ አትለቀውም፣ ጠብ ጠብ እያለ ነው። ግን ያን ቀን ከዚያም በላይ ቆየ። ሰዉ መጀመሪያ አቀረቀረ፣ ኋላ መተያየት ጀመረ፣ አንድ ሁለቱም ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ ተጨነቅሁ፤ ጭራሽ ዘጋው እንዴ ብዬ ልነሳ ስል የወንድማማቾቹን ከንፈር አየሁ። ይነጋገራሉ። አይተያዩም፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ነው የሚናገሩት፣ ድምፃቸው ግን እኛ ዘንድ አይደርስም። ቆይቶ ታላቅየው አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጠገቤ ያለችው ሴት ይህን አየችና ልጇን እቅፍ አድርጋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ሲመለሱ ባሌን ግራና ቀኝ ደግፈው አመጡት። ታላቅየው አልተቀመጠም፤ ድንጋይ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና ታናሹ እግር ሥር ወደቀ። የበሬውም የመሬቱም ነገር ከዚያ በኋላ በአጭሩ አለቀ፤ ባሌ በዱኣ ዘጋው።

ቤት ገብተን እግሩን አሸሁለት። ጉልበቱ ቀጥ አልል ብሎታል። ስለ እሱ ፈርቼ እንደነበር ነገርኩት፣ «ምን ሆነው ነው እንዲያ የቆዩት፣ አሞዎት ነበር?» አልኩት።

«የለም፣ ዛሬስ ቶሎ ነው የወጣልኝ» አለኝ። «ጨርሼ፣ ታጥቤ ልነሳ ስል ታላቅየው ‹የትንሿ ልጅህ ነገር እውነት ነው ወይ?› አለው። ‹እውነት ነው› አለው። ‹የት ቀበርካት?› አለው። ‹በረሃው ላይ፣ ወንዙ ጋ ሳንደርስ።› ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ስለዚያች ልጅ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩት። ከዚያ ጋቢው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ነፋስ የለ ምን የለ።»

«እና እርስዎ ምን አደረጉ?»

«እኔማ ምን አደርጋለሁ» አለ ባሌ ጉልበቱን እያሸ። «እንደሚሸና ሰው ቁጢጥ ብዬ ቆየሁላቸው።»